ቲንክፓድ ቲ480 በድሬ ሙቀት፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ላፕቶፕ ልግዛ የሚል ሰው ሲያማክረኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ነው። የብዙው ሰው መልስ ተመሳሳይ ነው። ጽሑፍ መጻፍ፣ ሂሳብ መያዝ፣ ፎርም መሙላት፣ ፋይል መላክ፣ ውጭ ካለ ዘመድ ጋር በቪዲዮ ማውራት። የእኔም ሥራ ከዚህ አይዘልም። ድሬዳዋ ውስጥ አስተምራለሁ። ፈተና አወጣለሁ፣ የተማሪ ውጤት እመዘግባለሁ፣ ማታ ደግሞ የእናቴን ሱቅ ሂሳብ እይዛለሁ። ለዚህ ሁሉ የምጠቀመው ያገለገለ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ነው። የገዛሁት ባለፈው ዓመት ክረምት ነው። የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ስላለፈበት አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። ለዕለት ተዕለት ሥራ፣ ለእኛ ከተማ፣ በጣም ወድጄዋለሁ።

ዋጋውን አልጽፍም፤ በየወሩ ስለሚለዋወጥ ሲነበብ ያረጀ ይሆናል። ከካርቶን ከሚወጡት አዳዲስ ርካሽ ላፕቶፖች ግን ያነሰ ነው የከፈልኩት። ከእነዚያ ብዙዎቹ ራማቸው (የተከፈቱ ሥራዎችን የሚይዘው ጊዜያዊ ማስታወሻ) ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። አነሰኝ ቢሉ መጨመር አይቻልም። ቲ480 ሁለት የራም ቦታ አለው። የእኔ 8 ጊጋ ይዞ መጣ፣ አንዱ ቦታ ባዶ ነበር፣ ሌላ 8 አስጨመርኩበት። ከዚያ ወዲህ ኤክሴል፣ ወርድ፣ ፒዲኤፍና ብሮውዘሩ አንድ ላይ ተከፍተው ሳይንተፋተፍ ይሠራል።

ሞዴሉ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። የእኔ የያዘው ስምንተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው፤ ይህ ቁጥር ዋጋ አለው። ከእሱ በፊት የነበሩት የዚህ ዓይነት ቀጫጭን ላፕቶፖች ኮር አይ 5 ፕሮሰሰር ሁለት ኮር (ሥራ የሚሠራ ክፍል) ብቻ ነበረው፣ ከስምንተኛው ጀምሮ አራት ሆነ። ደግሞም ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በመደበኛነት የሚፈቅደው፣ ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር፣ ከስምንተኛ ጀነሬሽን ወዲህ ላሉት ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 (በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025) ቆሟል። ስለዚህ ሱቅ ላይ ሰባተኛ ጀነሬሽን በርካሽ ሲያሳዩዋችሁ ልባችሁ አይሳብ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ መብራት። ይህ ላፕቶፕ ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጡ የተቀመጠ 24 ዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ) ነው። ሌላው ከሥሩ የሚነቀል ነው። የውስጡ ስለሚይዘው፣ የውጩን ባትሪ ላፕቶፑ እየሠራ ነቅላችሁ ሌላ መሰካት ትችላላችሁ። ማጥፋት የለም፣ የተጀመረ ሥራ አይቋረጥም። ውጤት ማስገቢያ ሰሞን መብራት ሲሄድ ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። የሚነቀለው ባትሪ ትንሹ 24፣ ትልቁ 72 ዋት ሰዓት ነው። ቁጥሩ ባትሪው ላይ ተጽፏል፣ ሳታነቡ አትግዙ። እኔ ትልቁን ፈልጌ አስገብቻለሁ። ትልቁ ወደ ታች ወጣ ስለሚል የላፕቶፑን ኋላ ከፍ ያደርገዋል። አንዳንዱ ሰው ቅርጹን አበላሸው ይላል። ለእኔ ግን አየር እንዲገባ ስለሚያደርግ ድሬ ላይ ተመራጭ ነው።

ቻርጀሩም ታይፕ ሲ ነው። ቤት ውስጥ ለስልክና ለላፕቶፕ አንድ ቻርጀር በቃን። ፓወር ባንክም ይሞላዋል፣ ግን ተራው የስልክ ፓወር ባንክ አይደለም። ፒዲ የሚባለውን አሠራር የሚደግፍና 20 ቮልት የሚያወጣ መሆን አለበት።

ሙቀቱን በተመለከተ ትንሽ ላብራራ። ሊቲየም ባትሪን ቶሎ የሚያስረጀው ሙቀትና ሁልጊዜ መቶ ፐርሰንት ሞልቶ መቀመጥ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ ይብሳል። ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ በሚደርስበት ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላይ የተሰካ ላፕቶፕ ሁለቱንም ያገኛል። ሌኖቮ ቫንቴጅ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ባትሪው 80 ላይ ሲደርስ መሙላቱን እንዲያቆም ማዘዝ ይቻላል። እኔ እንደዚያ አድርጌ ነው የምጠቀመው። መብራት ሊቋረጥ ነው የሚል ማስታወቂያ ስሰማ ብቻ መቶ እሞላለሁ።

ሌላው አቧራ ነው። ቤታችን ከደቻቱ ብዙም አይርቅም። ወንዙ ደረቅ በሆነበት ወቅት ንፋሱ አሸዋውን ይዞ ይገባል። በጋው ሲጋመስ ፋኑ መጮህ ጀመረ፣ ላፕቶፑም ወርድ ብቻ ተከፍቶ ይግል ነበር። ከዚራ ሰፈር ወደሚገኝ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ከሥር ከፍቶ አየና «አቦ አታካብጂ፣ አቧራ ነው እንጂ ምንም አልሆነም» አለኝ። ፋኑን አጸዳ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የደረቀ ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ቀየረ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ጠፋ። ሥራው ቀላል የሆነው ሽፋኑ በተራ ካቻቢቴ ስለሚከፈት ነው። ራሳችሁ የምትከፍቱ ከሆነ አስቀድማችሁ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ገብታችሁ የውስጡን ባትሪ አጥፉት፤ ለዚሁ የተሠራ ምርጫ አለው።

እዚህ ከሰዓት ብዙ ሰው መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ አረፍ ብሎ ነው ላፕቶፕ የሚከፍተው። የአየር መሳቢያው ያለው ከሥር ነው። ፍራሽ ላይ ሲቀመጥ ያንን ይደፍነዋል። ከሥሩ ትሪ አድርጉበት። የአማርኛ አስተማሪ ጓደኛዬ ይህን ካደረገች በኋላ የእሷም ላፕቶፕ በራሱ መጥፋቱን አቁሟል።

ኪቦርዱ በጣም ደስ ይላል። ቁልፎቹ ጠለቅ ብለው ይመታሉ፣ ጣት አይደክምም። አማርኛ የምጽፈው ኪይማን በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። ያስቸገረኝ ኪቦርዱ ሳይሆን ፎንት ነው። ዊንዶውስ ይዞት የሚመጣው የአማርኛ ፎንት ኤብሪማ ነው። ብዙዎቻችን የለመድነው ኒያላ ግን አሁን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው። ፈተናውን በኒያላ አዘጋጅቼ ፎቶ ኮፒ ቤት ስወስደው እነሱ ጋ ፎንቱ አልነበረም። መስመሩ ተዛነፈ፣ የምርጫ ጥያቄው ሀ እና ለ ሌላ ገጽ ላይ ሄዱ። አሁን የሚታተም ነገር ሁሉ ፒዲኤፍ አድርጌ ነው የማወጣው፣ ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ይሄዳል። ፍላሽም ትቻለሁ። በቴሌግራም እልክላቸዋለሁ። ፋይል ደብቆ አቋራጭ ብቻ የሚያሳየው የፍላሽ ቫይረስ ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ አይቻለሁ።

የሱቅ ሂሳብ ለሚይዙ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔን ብዙ ምሽት አሳስቦኛል። ኤክሴል የእኛን ቀን አቆጣጠር አያውቅም። 30/2/2018 ብላችሁ ጥቅምት 30ን ስትጽፉ እሱ የሚያየው ፌብሩዋሪ 30 ነው። እንዲህ ያለ ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጥቅምት 28ን ግን እንደ ቀን ይቀበለዋል። በቀን ደርድር ስትሉት የወሩ መጨረሻ ከወሩ ተነጥሎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ጳጉሜንማ አስራ ሦስተኛ ወር ስለሆነች እንደ ቀን ጭራሽ አትገባም። መፍትሔው ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ አምዶች መጻፍ ነው። ከዚያ መጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ቀጥሎ በቀን መደርደር። የእናቴ የዱቤ መዝገብ አሁን እንደዚያ ነው የተሠራው፣ ማን መቼ እንደወሰደ ወዲያው ይታያል።

ሰዓቱ የተሳሳተባችሁ ደግሞ ዊንዶውስ ውስጥ አዲስ አበባ የሚል አትፈልጉ። ናይሮቢ የሚለውን ምረጡ፣ ሰዓታችን አንድ ነው። ከስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ከሆነ የዋይፋዩ ሴቲንግ ውስጥ ሚተርድ (ዳታ ቆጣቢ) የሚለውን አብሩ። አለበለዚያ አፕዴት ሌሊት ፓኬጁን ይጨርሰዋል።

ስክሪኑ ከአንድ በላይ ዓይነት ስላለው ሲገዙ ፉል ኤችዲ መሆኑን መጠየቅ ያስፈልጋል። ብርሃኑ 250 ኒት አካባቢ ነው፣ ለቤት ውስጥ በቂ ነው፣ በቀን በረንዳ ላይ ግን አይነበብም። ካሜራው 720 ፒ ነው። ጅቡቲ ካለችው እህቴ ጋር ለመተያየት በቂ ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ባትሪው አዲስ ነው ካላችሁ እዚያው አረጋግጡ። ለእኔም እንደዚያ ተብሎልኝ ነበር። ቫንቴጅ ውስጥ ባትሪው ሲመረት የነበረው አቅምና አሁን ሞልቶ የሚይዘው ጎን ለጎን ይታያል። ሁለቱን ቁጥር ማነጻጸር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፣ ዋጋ ለማስቀነስም ይረዳል።

ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ጌም ለሚጫወት ይህን ላፕቶፕ አልመክርም። ግራፊክሱ ለዚያ አልተሠራም። የእኔ የውስጠኛው ባትሪ አቅሙ ግማሽ ገደማ ወርዷል። የውጩን ስቀይር አሁንም ይዞ ያቆየኛል፣ ግን የሚመጣው ግንቦት ሳይደርስ አስቀይረዋለሁ። ጥገና ቤቱ መለዋወጫውን ከአዲስ አበባ እንደሚያስመጣልኝ ነግሮኛል።