የጄልኮት (የፋይበርግላስ ጀልባ የላይኛው ባለቀለም ሽፋን) ሰው ለምትፈልጉ፣ እኔ አግኝቻለሁ

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች (ጥቂት እንደሆንን አውቃለሁ ሃሃ) ይቺን አንብቡልኝ።

አምና የገዛኋት ካታሊና 22 በፈረንጆቹ 1984 የተሰራች ባለሸራ ጀልባ ነች፣ አናፖሊስ አካባቢ ነው የማቆማት። ለምን እንደረከሰች ግልፅ ነበር፣ ጎኗን በእጅ ስትነኩት እንደ ጠመኔ ዱቄት ይዞ ይወጣል፣ ሰማያዊው መስመር አመድ መስሏል። እናቴ ፎቶውን አይታ «ይሄን ነው በዶላር የገዛኸው? ባህር ዳር ታንኳ አጥተህ ነው?» አለችኝ።

እኔም አባባስኩት። አንድ ሰው ቀላል ነው ብሎ የሚያብለጨልጭ ነገር ቀባልኝ፣ ሁለት ወር መስታወት መሰለችና ከዛ ቢጫ ሆኖ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጥ ጀመር። ሌላ ቦታ ስጠይቅ ደሞ ሙሉ ቀለም ካልተቀባች አይሆንም አሉኝ፣ የጠሩት ዋጋ ጀልባዋን ከገዛሁበት ይበልጣል።

ጋሼን በዚህ መሃል በሰው በሰው አገኘኋቸው። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ጋራዥ ውስጥ የላሜራና የቀለም ሰራተኛ ነበሩ፣ እዚህ ከመጡ ጀልባ ጥገና ላይ ብዙ አመት ሰርተዋል። ገና ሲመጡ አንድ ቦታ በእርጥብ ጨርቅ አሸት አደረጉና «ሲረጥብ ቀለሙ ተመለሰ፣ አየህ? ከስር አለ ማለት ነው፣ ቀለም ምን ያደርግልሃል» አሉኝ። ለካ ጄልኮት ከላይ የተቀባ ቀለም አይደለም፣ ፋብሪካ ውስጥ ሞልዱ (የጀልባዋ ቅርፅ ማውጫ) ላይ መጀመሪያ የሚረጨው ባለቀለም ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ) ነው፣ ፋይበርግላሱ ከኋላው ይመጣል፣ ውፍረቱ ደሞ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ።

ልጣጩን አንስተው መጀመሪያ የድሮውን ሰም ጠራርገው አወጡ፣ ይሄ ሳይደረግ ብርጭቆ ወረቀት ከነካው ሰሙ ጭረቱ ውስጥ ይገባል አሉ። ከዛ በውሃ በ800፣ በ1000፣ በ1500፣ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት፣ ቀጥሎ ኮምፓውንድ (ጭረት የሚያጠፋ ቅባት) በሱፍ ፓድ፣ ፖሊሽ በስፖንጅ፣ መጨረሻ ላይ ሰም። ማሽኑን ቀስ አድርገው ነው የሚያዞሩት፣ ከፈጠነ ያቃጥላል። አፍንጫዋ ጋ መዳፍ የምታክል ቦታ ላይ ጥላ ነገር ሲያዩ ቀጥ አሉ፣ እኔ ትንሽ ይቀራል ብዬ ስጨቀጭቃቸው «ልጄ እዚህ ከቀጠልኩ ፋይበሩን ታየዋለህ፣ ይቺን እንዲሁ ተዋት» ብለው አለፉ። አሁንም ደብዘዝ ብላ አለች፣ ከሩቅ አትታይም።

ዴኩ (የጀልባዋ የላይኛው ወለል) ላይ ደሞ የአጥሩ ምሰሶ ስር የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ነበረ። ሌላ ሰው ቢሆን ላዩን ሞልቶ ይሄድ ነበር፣ እሳቸው ግን ካቢን ውስጥ ገብተው ከስር አዩትና ምሰሶው ሲገፋ ዴኩ ስለሚጎብጥ ነው አሉ፣ ከስር የአሉሚኒየም ሳህን አስገብተው ካጠበቁት በኋላ ነው ስንጥቁን በቪ ቅርፅ ከፍተው በጄልኮት የሞሉት፣ አየር ከነካው ላዩ እየተጣበቀ ይቀራል ብለው በፕላስቲክ ሸፈኑት። ነጩን ለማመሳሰል ብቻ ሶስት ጊዜ ቀላቀሉ፣ ቢጫ ጠብ፣ ቡናማ ጠብ፣ አርባ አመት ፀሃይ የመታው ነጭ ነጭ አይደለማ።

ጉድለት ካላችሁኝ ቀጠሮ ላይ ነው፣ አራት ቀን ብለው ዘጠኝ ፈጀባቸው፣ ስራ ላይ ከሆኑ ደሞ ስልክ አያነሱም፣ ተዉኝ ብላችሁ አትለፏቸው። የከፈልኩት ግን ከቀለሙ ዋጋ ሩብ አይሞላም።

ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። ቁጥራቸውን እዚህ አልለጥፍም፣ ኢንቦክስ ጠይቁኝ። ጄልኮት ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በደንብ አይጠነክርም ብለው ብርድ ከገባ ሙሌት ስለማይነኩ የምትፈልጉ አሁኑኑ ደውሉ፣ ከመምጣታቸው በፊትም ጎኗን በሳሙና እጠቡላቸው፣ እኔ ሳላጥብ ቀርቼ ቁጣ ሰምቻለሁ።