ባለ 60 ኤሌክትሮድ የመስታወት ሰሌዳ፦ የተፈጥሮ ምስል የሚያይ ረቲናን ለመቅዳት ይበቃል?

የረቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ሽፋን) ነጠላ ሕዋሳት ለማጥናት ይበቃል፤ አጎራባች ሕዋሳት አንድን ምስል እንዴት እንደሚከፋፈሉት ለማየት ግን ያንሳል።

ሰሌዳው ላይ የሕዋሳትን የኤሌክትሪክ ምት የሚቀዱ፣ 30 ማይክሮሜትር ስፋት ያላቸው ኤሌክትሮዶች በ200 ማይክሮሜትር ርቀት ስምንት በስምንት ተደርድረዋል፤ አራቱ ማዕዘኖች ባዶ ናቸው። የጋንግሊየን ሕዋስ (ከረቲና ወደ አንጎል መልእክት የሚልከው ሕዋስ) ምት ጥርት ብሎ የሚመዘገበው ሕዋሱ ለኤሌክትሮዱ በጣም ሲቀርብ ነው፤ በመሃል ያሉት አብዛኞቹ ያመልጣሉ። አንድ ሕዋስ ሁለት ኤሌክትሮድ ላይ እምብዛም ስለማይታይ፣ የተደራረቡ ምቶችን በየባለቤታቸው መለየትም ያስቸግራል። ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ደጋግሞ የሚተኩስ «ሕዋስ» ካገኛችሁ ሁለት ሕዋሳት ተቀላቅለዋልና ጣሉት።

ጥሩ ጎኑ መስታወቱ ብርሃን ማሳለፉ ነው፤ ምስሉን ከሥር ማሳረፍ ይቻላል። ባለ 4096 ኤሌክትሮዱ ቺፕ ግን ብርሃን ስለማያሳልፍ ከላይ፣ በፈሳሹ በኩል ማብራት ግድ ይሆናል።

አዘገጃጀቱ የተለመደው ነው፦ የአይጥ ረቲና በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይወጣል፣ የጋንግሊየን ሕዋሳቱ ጎን ወደ ኤሌክትሮዶቹ ይተኛል፣ 95 በመቶ ኦክስጅንና 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚነፋበት ፈሳሽ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ይፈስበታል። ምቱ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሳይጸዳ የቀረው የዓይን ዝልግልግ ፈሳሽ ነው።

እውነተኛው ፈተና ምስሉ ሲመጣ ይጀምራል። በዘፈቀደ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ሲታዩ፣ ከየምቱ በፊት የነበሩትን ምስሎች አማካይ መውሰድ የሕዋሱን የእይታ መስክ (ሕዋሱ ምላሽ የሚሰጥበትን የምስሉን ክፍል) ያወጣል። በተፈጥሮ ምስል ላይ ይኸው ስሌት ያታልላል፤ ጎን ለጎን ያሉ ነጥቦች ስለሚመሳሰሉ መስኩ ከእውነተኛው ሰፍቶና ደብዝዞ ይታያል። ይህን የነጥቦች ዝምድና በስሌት ማካካስ ይቻላል፤ ነገር ግን ደቃቅ ዝርዝሩ ላይ ስህተቱን ስለሚያጎላ ገደብ ይፈልጋል። ከዚህም በላይ፣ በካሬዎቹ የተገኘው ቀጥተኛ ማጣሪያ (የየነጥቡን ብርሃን በክብደቱ አባዝቶ የሚደምር ሞዴል) ለብዙ ሕዋሳት የተፈጥሮ ምስል ምላሽን በደንብ አይተነብይም። ምክንያቱም ባይፖላር ሕዋሳት (ከብርሃን ተቀባዮቹ ወደ ጋንግሊየን ሕዋሳት መልእክት የሚያሻግሩት) የሚልኩት ግብዓት ለብርሃን መጨመርና መቀነስ እኩል አይደለም፤ በአንድ መስክ ውስጥ ያሉ ብሩህና ጨለማ ቦታዎች ተጣፍተው ዜሮ አይሆኑም። ስለዚህ አንድ አጭር የምስል ቅንጭብ ደጋግማችሁ አሳዩ፤ ምላሹ ከዙር ዙር የሚለያይ ከሆነ ጥፋቱን ሁሉ በሞዴሉ ላይ አታላክኩ። የሁለቱ ማነቃቂያዎች (የካሬዎቹና የተፈጥሮ ምስሉ) አማካይ ብርሃንም እኩል ይሁን፤ አለዚያ ረቲናው በሌላ ደረጃ ላይ ተላምዶ ንጽጽሩ ይበላሻል።

ብዙዎች በጀታቸውን ሰሌዳው ላይ አፍስሰው ተራ ፕሮጀክተር ይገዛሉ፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። የአይጥ ኮኖች (በቀን ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት) ካሏቸው ብርሃን ተቀባይ ቀለሞች አንዱ 360 ናኖሜትር አካባቢ ላለው አልትራቫዮሌት ብርሃን ነው የሚሠራው፤ ተራ ፕሮጀክተር ደግሞ ይህን ብርሃን አያወጣም። በተለይ የረቲናው የታችኛው ክፍል የሚጎዳው በዚህ ነው።

የሕዋሳት ስብስብን የምታጠኑ ከሆነ 252 ኤሌክትሮዶች በ60 ማይክሮሜትር ርቀት ያሉበትን ውሰዱ። የሚሸፍነው ቦታ ጠባብ ቢሆንም ጎረቤታሞቹን አንድ ላይ ይይዛል። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ኤሌክትሮዶቹን በጥጥ አትፈትጉ፤ በኢንዛይም ሳሙና ዘፍዝፋችሁ በተጣራ ውኃ አለቅልቁ።