የተኩስ ውድድር ዕቃ ቡና ማሳ ውስጥ ምን ይሠራል?

ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር፤ ጠመንጃ የለኝም። እንዲኖረኝም አልፈልግም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። እኔ ደግሞ ለፈቃድ ደጅ የምጠናበት ምክንያት የለኝም። ያለኝ የቡና ማሳ ነው። ከጅማ ወደ አጋሮ ስትሄዱ፣ ማና ወረዳ ውስጥ፣ ከአባቴ የወረስኩት። ከተማ ደግሞ አንዲት የቡና መፈልፈያ አለችኝ። ጀንፈል ያለው የሰፈር ሰው ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ታዲያ የተኩስ ዕቃው ከየት መጣ? ከታናሽ ወንድሜ። የሚኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ነው። በዕረፍት ቀኑ የሸክላ ዒላማ ይተኩሳል። ስፋቷ 108 ሚሊ ሜትር የሆነች ብርቱካናማ ሰሃን ከማሽን ትወነጨፋለች፤ እሱ በሾትገን፣ ትንንሽ የእርሳስ ፍሬ ባንዴ በሚረጭ ጠመንጃ፣ አየር ላይ እያለች ይሰባብራታል። አንዱ ዙር 25 ሰሃን ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ ውድድር ጀመረ። ይሄኛው እየሮጡ፣ መሣሪያውን እያጎረሱ፣ ሰዓት ተይዞ የሚተኮስበት ነው። ዕቃ መግዛት ነፍሱ ነው። አዲስ ሲገዛ አሮጌውን ሰው በመጣ ቁጥር ይልክልኛል። «እትዬ፣ እዚያ አንድ ነገር አይጠፋለትም» ይላል። መሣሪያም ጥይትም አይልክም። የሚለበሰውንና የሚታጠቀውን ብቻ ነው።

እኔም በላከው ዕቃ ሁሉ ሠርቼበታለሁ። አንዳንዱ ግሩም ሆኖ አገኘሁት። አንዳንዱ ግን ከውድድር ሜዳ ሲወጣ ምንም ነው።

ከጆሮ መከላከያው ልጀምር። ኤሌክትሮኒክ ነው። በሁለቱም በኩል ትንንሽ ማይክሮፎን አለው። ዝቅ ያለ ድምፅን፣ የሰው ወሬን ለምሳሌ፣ ጎላ አድርጎ ያሰማል። ድምፁ ከ82 ዴሲቤል ሲያልፍ ማጉላቱን ይተዋል። ለተኳሽ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። የሾትገን ተኩስ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፤ ግን አንዴ ዷ ብሎ ያበቃል። በተኩስና በተኩስ መሃል ደግሞ ሰውዬው የዳኛውን ትእዛዝ መስማት አለበት።

የእኔ ማሽን ዷ ብላ አትተውም። ጠዋት ከተነሳች እስከ ምሳ ስታጓራ ነው የምትቆየው። ማይክሮፎኑን አብርቼ ስሠራ ጩኸቷን እስከ ወሰኑ ድረስ ጆሮዬ ውስጥ ይከተዋል፤ የሰው ድምፅም እዚያው ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ማሽኗ ስትነሳ ኤሌክትሮኒኩን አጠፋዋለሁ። ያኔ ተራ የጆሮ መከላከያ ይሆናል፤ የምፈልገውም እሱን ነው። ማሽኗ ስትቆም አበራዋለሁ። ደንበኛ ሒሳብ ሲከራከረኝ ሳላወልቅ እሰማዋለሁ። በሹክሹክታ የሚባለውንም ጭምር። ይህን ጥቅሙን ሰፈር ውስጥ አልተናገርኩም።

ሳጥኑ ላይ 22 ዴሲቤል ይቀንሳል ተብሎ ተጽፏል። እንዳለ አትቀበሉት። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ራሱ ከቁጥሩ ላይ 7 ቀንሶ የቀረውን ለሁለት ያካፍላል። 7 ተኩል ብቻ ይቀራል ማለት ነው። በስልኬ ስለካው ማሽኗ አጠገብ 95 ዴሲቤል አካባቢ ይላል፤ ስልክ ደግሞ የልብ የሚያደርስ መለኪያ አይደለም። ለሙሉ የሥራ ቀን፣ ማለትም ለ8 ሰዓት፣ የሚመከረው ጣሪያ 85 ነው። ከዚያ በላይ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በዚህ ሒሳብ ያለ መከላከያ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላልኝም። ከነመከላከያው ደግሞ ግማሽ ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ከምሳ በኋላ ሠራተኛ እናቀያይራለን።

ሌላው ነገር ፀጉር ነው። የመከላከያው ስፖንጅ ቆዳ ላይ ካልተጣበቀ ድምፁ በጎን ይገባል። ወፍራም ሹሩባ ተሠርቼ ሳደርገው ግማሽ ጥቅሙ ይጠፋል። ሻሽ ላይ ሲደረግም እንደዚያው ነው። ሒጃብ የምትለብሰው ሠራተኛዬ ከሒጃቧ ሥር ታደርገዋለች፤ ያ ከእኔ በተሻለ ይዞላታል። የሚበላው ሁለት የሪሞት ድንጋይ ነው። ረስታችሁ ሳታጠፉት ብትሄዱ ከ4 ሰዓት በኋላ ራሱ ይጠፋል። ድንጋዩም ቶሎ አያልቅም። ይሞቃል ወይ? አዎ ይሞቃል። ጆሮ ተሸፍኖ የማይሞቅ ነገር የለም።

ወደ መነጽሩ እንሂድ፤ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ሦስት ዓይነት መስታወት ይቀያየርለታል፤ ነጭ፣ ቢጫና ወይን ጠጅ። መስታወት እንበለው እንጂ ፖሊካርቦኔት የሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። የተሠራው የተሰባበረ ሰሃንና የሳተ እርሳስ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ነው።

ነጩን ለጉንደላ እጠቀምበታለሁ። ያረጀ ቡና ከመሬት 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተትቶ፣ ዝናብ እንዳይቋጥር ሰያፍ ተደርጎ ይቆረጣል። በእጅ መጋዝ ሲሆን ብናኙ ነው የሚያስቸግረው። በሞተር መጋዝ ሲሆን ፍንጣሪው ፊት ላይ ይመጣል። የእኔ ቆራጮች መነጽር የሚባል ነገር አይወዱም ነበር። ይሄኛው ቀላል ስለሆነ፣ ጎኑም ስለሚሸፍን፣ አሁን እየተሻሙበት ነው። አንድ ችግር አለው። ከጆሮ መከላከያው ጋር አብሮ ሲደረግ የመነጽሩ ክንድ ስፖንጁን ያነሳዋል። ክንዱ ቀጭንና ጠፍጣፋ የሆነውን መምረጥ ያስፈልጋል። የተኳሽ መነጽር ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፤ የግንበኛው ግን ወፍራም ነው።

ወይን ጠጁ ነው ያስገረመኝ። ወንድሜ እንዳስረዳኝ ይሄ ቀለም አረንጓዴውን ያደበዝዛል፤ ብርቱካናማውን ያጎላል። ሰሃኗ ዛፍ ባለበት ሜዳ ላይ ስትበር ከቅጠሉ ተለይታ እንድትታይ ነው። እኔ ታዲያ ምን አሰብኩ? ቀይ እሸት በአረንጓዴ ቅጠል መሃል! ለቀማ ሲደርስ አድርጌው ገባሁ። ማሳዬ ላይ ያለው 74110 የሚባለው የቡና ዝርያ ነው፤ ጅማ አጠገብ መልኮ ያለው የምርምር ማዕከል በፈረንጆቹ 1974 ከመረጣቸው አንዱ። ዛፉ እጥር ያለ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው። እሸቱ ውስጥ ውስጡን ይደበቃል። በዚያ መነጽር ሳይ ቀዩ ፍሬ ከቅጠሉ ውስጥ ብቅ ብቅ አለ። ለቃሚዎቹ አልፈውት የሄዱትን ዛፍ ዞሬ ስፈትሽ የቀረውን ፍሬ ሳላጎነብስ አየሁት። ለተቆጣጣሪ በጣም ጥሩ ነው።

ለለቃሚ ግን አልሰጠውም። ምክንያቱም መነጽሩ ያልበሰለውን ያስውበዋል። ገና ቢጫ ሆኖ በአንድ ጎኑ መቅላት የጀመረ ፍሬ በወይን ጠጅ ሲታይ የበሰለ ይመስላል። እሱ ከተለቀመ ጣዕሙን የሚያበላሸው እሱ ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ ስንለቅም ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። እዚያ ሥራው ሁሉ ቀለም መለየት ነው፤ ሻጋታውን፣ የጠቆረውን፣ ጥሬውን። ይሄ በባዶ ዓይንና በቀን ብርሃን የሚሠራ ሥራ ነው።

ቢጫው ደመና ሲሆን ጥሩ ነው። ጅማ ደግሞ ደመና አታጣም። የጥላ ዛፍ ሥር ስገባ ነገሩ ሁሉ ጥርት ይልልኛል። የሰፈሬ ባጃጅ ሹፌር አይቶት «እትዬ፣ ለማታ ስጪኝ፣ ከፊት የሚመጣውን መኪና መብራት ያደበዝዛል ይላሉ» አለኝ። አልሰጠሁትም። ቀለም ያለው መስታወት ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ማታ ላይ የቀረችውንም ብርሃን ነው የሚወስድበት። ጨለማ ውስጥ የሚሻገር ሰው ባያይስ?

ከሁሉ ርካሹ ዕቃ ወገብ ላይ የሚታጠቀው የጥይት ከረጢት ነው። ሁለት ክፍል አለው። የፊተኛው አንድ ፓኮ ጥይት፣ ማለትም 25 ፍሬ ይይዛል። የኋለኛው ለተተኮሰው ቀለህ ነው። ይሄን ያገኙት የማሳው ጠባቂ ናቸው። በዕድሜ ጠና ያሉ ስለሆኑ ሁላችንም «አባባ» ነው የምንላቸው። ከቡናው ዳር በቆሎ አለን፤ በቆሎ ካለ ዝንጀሮ አለ። አባባ ማማ ላይ ወጥተው በወንጭፍ ይጠብቃሉ። ድሮ ድንጋዩን በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር፤ አንዱን ለማውጣት ሌላው ይዘረገፋል። አሁን የፊተኛውን ክፍል ድንጋይ ይሞሉታል። አፉ ሰፊ ስለሆነ እጃቸው ሳያዩ ይገባል። የተሠራውም ለዚያ ነው፤ ተኳሹ ዓይኑን ከሜዳው ሳያነሳ ጥይት እንዲያወጣ። የኋለኛው ክፍልስ? ቆሎ ይይዙበታል። «ይሄን የሰፋው ሰው ዘበኛ ነበር» ይላሉ አባባ። ስፌቱ ድንጋይ ችሏል። መታጠቂያው ላይ ያለው የፕላስቲክ ዘለበት ግን ተሰብሮ በቆዳ ቀይረነዋል።

ሰደሪያውን ባላገኘው ብዙም አይቆጨኝም። ጀርባው ወንፊት መሰል ጨርቅ ነው፤ ለሙቀት ይሆናል። ቡና ውስጥ ሲገባ ቅርንጫፉ ሁሉ እሱን ይዞ ይጎትታል። ኪሶቹ ትልልቅ ናቸው፤ ወረቀት፣ የመግረዣ መቀስ፣ ስልክ፣ ሲባጎ ይይዛሉ። ዝናብ ሲመጣ ግን ውኃ ይቋጥራሉ። ቀኝ ትከሻው ላይ ሰደፍ የሚያርፍበት ቆዳ ተሰፍቶበታል። አንዱ ተሸካሚያችን ጆንያ ሊሸከምበት ፈልጎ ሞከረው፤ ለካ የሚሸከመው በግራ ትከሻው ነው። ክረምት ላይ ቆዳው ሻገተ። ጅማ ላይ የማይሻግት ቆዳ የለም፤ ጫማም ቢሆን። አሁን ሰደሪያው ማሽን ቤት ነው፤ ቁልፍና ደረሰኝ ይቀመጥበታል።

የመጨረሻው ዝናሩ ነው። አያቶቻችን ደረታቸው ላይ የሚያመሳቅሉት ዓይነት እንዳይመስላችሁ። ሁለት ቀበቶ ነው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከላይ፣ በቬልክሮ የሚጣበቁ። የላዩ ድርቅ ያለ ነው። እሱ ላይ ጥይት አራት አራት አድርገው የሚነክሱ ፕላስቲኮች ተደርድረዋል። በዚያ የሩጫ ውድድር የሾትገኑ ጥይት ቶሎ ያልቅበታል። ተወዳዳሪው ሰዓት እየቆጠረበት፣ አራት ጥይት ባንዴ መንጭቆ፣ ሁለት ሁለቱን ያጎርሳል። ማሸነፍና መሸነፍ ያለው እዚያ ላይ ነው አሉ። ወንድሜ ቪዲዮ ልኮልኝ አይቻለሁ፤ እጁ አይታይም።

እዚህ ግን የሚቸኩልለት ነገር የለም። ፕላስቲኩ ከዚያ ጥይት ውፍረት በቀር ሌላ ነገር አይነክስም። ማርከር ይወድቃል፣ የእጅ ባትሪ አይገባም፣ ቢላ አደገኛ ነው። ፕላስቲኮቹን ነቅዬ ቀበቶውን ብቻ መጋዝ ላንጠለጥልበት ሞከርኩ። መጋዙን ችሏል። ግን ቬልክሮው ጭጎጎት ይሰበስባል። ከማሳ ስወጣ የጫካውን ፍሬ ሁሉ ታጥቄ ነው የምወጣው፤ አንዴ ከሞላ ደግሞ አይጣበቅም።

ይሄን ለወንድሜ ስነግረው ሳቀና የውድድር ዕቃ ከሜዳው ሲወጣ እዚያም እንደዚያው ነው አለኝ። የሸክላ ዒላማ መሣሪያው 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ አፈሙዙም ረጅም ነው። ቆሞ ለሚተኩስ ክብደቱ ያረጋጋዋል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ለሜዳ ቆቅ መሰል ወፍ ፍለጋ ለሚዞር ግን ጭነት ነው። ለሩጫው ውድድር የሚቀጥሉበት ረጅሙ የጥይት ቱቦ ደግሞ ለዳክዬ አደን እንዳለ አይፈቀድም። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ሾትገኑ ከ3 ጥይት በላይ እንዳይጎርስ ስለሚያዝ በውስጡ ማገጃ ይደረግበታል። ያን ሁሉ ብር አውጥቶ ቱቦ አስረዝሞ፣ ተመልሶ እንጨት ይወትፍበታል።

እንግዲህ ውጭ ዘመድ ያላችሁ ካላችሁ፣ መነጽሩንና የጆሮ መከላከያውን ለምኑ። ኤሌክትሮኒኩ እዚያ ከ50 እስከ 70 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ለመፈልፈያ ቤት ብቻ ከሆነ ግን ኤሌክትሮኒክ ያልሆነው በግማሽ ዋጋ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ለጠባቂ ከረጢቱን ጨምሩበት። ቀለሙ የወታደር ዓይነት ዝንጉርጉር እንዳይሆን አደራ በሉ፤ ኬላ ላይ ጣጣ ነው። ላኪው ኪሶቹን ሁሉ ገልብጦ ያራግፍ። አንድ የተረሳች ጥይት፣ ባዶ ቀለህም ብትሆን፣ ይዞላችሁ የመጣውን ሰው ኤርፖርት ላይ ታስቆመዋለች። ዝናሩን የሚፈልግ ካለ ማሽን ቤት ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፤ ጭጎጎቱን ራሱ ይልቀም እንጂ በነጻ ነው።