የልጄን ባቡር ድፎ ዳቦ ላይ ላስገቡልን እትዬ

ድሬዎች፣ እንዴት ናችሁ? ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል?

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። ዛሬ ልጆቹ በጊዜ ተኝተውልኛል፣ መብራትም አልጠፋም። ስለዚህ ልጻፈው። አንዲት ዳቦ ጋጋሪ ላመሰግን ነው፤ በዚያው ደግሞ ልጠቁማችሁ። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ አስምለውኛል። "ሰው ተሰልፎ ቢመጣ በየትኛው እጄ ላቦካ ነው?" ነው ያሉኝ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የሚኖሩት። የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። እዚህ እትዬ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ሰፈሩም የሚጠራቸው እንደዚያው ነው።

ነገሩ የልጄ ልደት ነው። ግንቦት ላይ 7 ዓመት ሞላት። አምና ኬክ አዝዤላት ነበር። ከየት እንደሆነ ይቅር። ክሬም የተለበጠ፣ ላዩ ላይ ሮዝ አበባ ያለው፣ የሚያምር ኬክ ነበር፤ ከኬክ ቤቱ ሲወጣ ማለቴ ነው። በባጃጅ ከከዚራ ሳቢያን እስክንደርስ አበባው ወደ ጎን ዘመመ፣ ቀጥሎ ክሬሙ እንዳለ ወደ ሳጥኑ ጥግ ተንሸራተተ። የልጄን ስም ደግሞ ሲጀመርም አሳስተው ነበር የጻፉት። ቤት ስንገባ ግን ስህተቱ አልታየም፤ ስሙ ራሱ ቀልጦ ነበር። እኛ ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።

ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የድሬ የግንቦት ቀን ደግሞ 35ን እንደ ቀልድ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ኬክ ቤቱን ብቻ መውቀስ አይቻልም። (እኔ ትንሽ እወቅሳለሁ። ስም አስተካክሎ መጻፍን ሙቀት አይከለክልም።)

ዘንድሮ ጎረቤቴ "እትዬን ለምን አታናግሪያቸውም?" አለችኝ።

"ኬክ ይሠራሉ እንዴ?"

"ኧረ፣ ድፎ ዳቦ ነው።"

እውነቱን ልናገር፣ ቅር አለኝ። ድፎ ዳቦ ለእኔ የእንቁጣጣሽ ነው፣ የክርስትና ነው፣ የግንቦት ልደታ ነው። ለሰባት ዓመት ልጅ ልደት ድፎ ዳቦ ባቀርብ ጓደኞቿ ምን ይሏታል ብዬ ሰጋሁ። ቢሆንም ሄድኩ። ልጄንም ይዤ ሄድኩ። አስቤበት እንዳይመስላችሁ፤ የሚጠብቅልኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

እትዬ በረንዳቸው ላይ ስንዴ እየለቀሙ አገኘናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥንና ማስረዳት ጀመርኩ። ለስንት ሰው እንደሆነ፣ መቼ እንደምፈልገው፣ ምን ያህል መክፈል እንደምችል። አላስጨረሱኝም።

"ልደቱ የማን ነው?"

"የእሷ ነው።"

"እንግዲያ አንቺ ዝም በያ፣ አቦ!" አሉና ወደ ልጄ ዞሩ። "የኔ እናት፣ ምን ይሁንልሽ?"

ልጄ ባቡር አለች።

ይህ የቤተሰብ በሽታ ነው። አባቴ ጡረታ የወጣው ከሽመንደፈር፣ ከባቡር ድርጅቱ ነው። ለገሃሬ አካባቢ ባለፍን ቁጥር ፊቱን ወደ ጣቢያው ሳያዞር አያልፍም። ልጄ ከእሱ ጋር ስታመሽ የምትሰማው ተረት የጅብና የጦጣ አይደለም። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ሲል ተራራው ከበደው፤ እዚህ ሜዳው ላይ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ከተማችን በእሱ ምክንያት ተቆረቆረች። እሷ የምታውቀው ተረት ይኼ ነው። አባቴ ሲያወራው ባቡሩ ራሱ ደክሞት "በቃ፣ እኔ እዚሁ ነኝ" ያለ ነው የሚመስለው።

እትዬ ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ቀደው በጀርባው ሰጧት፣ እርሳስም አቀበሏት። "በቃ፣ ሣዪልኝ።" ልጄ በሆዷ ተኝታ ሣለች። አንድ ራስ ባቡር፣ ሦስት ፉርጎ፣ ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት የሚሄድ ጭስ፣ ሽፋሽፍት ያላት ፀሐይ። ሦስተኛው ፉርጎ ላይ ግመል ቆሟል። ጎማዎቹ እኩል አይደሉም። ራስ ባቡሩ አምስት ጎማ አለው።

እኔም እናት አይደለሁ? "የኔ ቆንጆ፣ ጭሱ እኮ ወደዚያ ነው መሄድ ያለበት" ልል አፌን ስከፍት እትዬ በዓይናቸው አስቆሙኝ። ከዚያ ጎማዎቹን ከልጄ ጋር አንድ በአንድ ቆጠሩ። 5፣ 3፣ 4፣ 3። በወረቀቱ ጥግ ላይ ጻፉት። አንድ ሰው የልጄን ስዕል እንደ ትእዛዝ ሲቀበል ያኔ ነው ያየሁት። እኛ ብዙ ጊዜ "ጎበዝ!" ብለን ፍሪጅ ላይ እንለጥፋለን፤ በቃ፣ አለቀ። እሳቸው ግን ጎማ ቆጠሩ።

የሚጋገርበት ቀን ላይ ልይ ብዬ ለምኜ ከሌሊቱ 11 ሰዓት በራቸው ላይ ነበርኩ። እሳቸው 10 ሰዓት ላይ ተነስተው አቡክተው ጨርሰዋል። "የደጋ ሰው ማታ አቡክቶ ያሳድራል" አሉኝ። "እዚህ ካሳደርሽው ሙቀቱ ያጣድፈውና ኮምጥጦ ይጠብቅሻል።" የስንዴው ሊጥ ውስጥ ጥቁር አዝሙድና ድንብላል ገብቶበታል። ኮባ በማይገኝበት ቀን የሙዝ ቅጠል ይጠቀማሉ። ቅጠሉን እሳት ላይ ያለፍ ያለፍ ሲያደርጉት ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይሰነጠቅም። ምጣዱ ላይ አነጠፉት።

ስዕሉ ግን ሌላ ሥራ ነው። የልጄን ባቡር ሌላ ወረቀት ላይ አሳልፈው ቆርጠውታል፤ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው። ከልብስ ሰፊ ነው የተማርኩት አሉኝ። ልጅነታቸው ሐረር፣ በግንብ በታጠረው በጁገል ውስጥ ነው። መኪና ግርግር የሚባለውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እትዬ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እዚያ ቆመው ሰፊዎቹ ወረቀት ጨርቅ ላይ አስቀምጠው ሲቆርጡ ያዩ ነበር። የዳቦውን ዳር ዙሪያውን የጎነጎኑት ጥለት ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው ከሐረሪዎቹ ቤት ነው የመጣው። ሐረሪ ቤት የገባችሁ ግድግዳውን ታስታውሳላችሁ። የሣር ስፌቱ ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ፣ ቀዩ፣ አረንጓዴው፣ ጥቁሩ። "እንግዳ ሲጫወት እኔ ጥለቱን እቆጥር ነበር" አሉኝ። መቁጠር ይወዳሉ፣ መቼም።

ለስዕሉ የሚሆነው ሊጥ እርሾ አይገባበትም። ይሄን አላውቅም ነበር። እርሾ ካለው እሳት ሲነካው ይነፋና ባቡሩ ዝሆን ይሆናል። ስለዚህ ታች ያለው ዳቦ ይነሳል፤ ላዩ ላይ ያለው ስዕል እንደ ተቆረጠ ይቀራል። እንደዚያም ሆኖ ዳቦው ሲሰፋ ትንሽ ስለሚለጠጥ ጎማዎቹን ጠጋ ጠጋ አድርገው ደረደሯቸው። ትልልቆቹን በቡና ስኒ አፍ፣ ትንንሾቹን በጠርሙስ ክዳን ነው የቆረጡት። ራስ ባቡሩ ከጥቁር ጤፍ ሊጥ፣ ፀሐይዋ ከእርድ፣ ጭሱ ነጭ። የፀሐይዋ ሽፋሽፍት ጥቁር አዝሙድ ነው፤ አንድ በአንድ፣ በእሾህ ጫፍ እያነሱ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው። እኔም ሳላውቀው ትንፋሼን ይዤ ነበር።

መሃለኛው ፉርጎ ቀይ እንዲሆን ልጄ አጥብቃ ለምናለች። ሊጡን በቀይ ሥር ውሃ ለወሱት። ጥሬው ሲታይ የሐረር ቀሚስ ነው የሚመስለው፤ ያምራል። ከዚያ ሁሉም በቅጠል ተሸፈነ፣ ክዳኑ ተደፋበት፣ ፍሙ ከላይም ከታችም ሆነ። መጠበቅ ብቻ።

ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ልጄን ይዤ ተመለስኩ። እትዬ ፊታቸው ጠቆር ብሏል። "ቀይ ሥሩ ከዳኝ" አሉ ገና ከመግባታችን። ቅጠሉን ሲገልጡት የእርዷ ፀሐይ ደማቅ ቢጫ እንደሆነች አለች። ጭሱ ወደ ፊት ይሄዳል። ግመሉ ቆሟል። ቀዩ ፉርጎ ግን እሳቱ ቡኒ አድርጎታል። እኔ የአምናው ኬክ ትዝ አለኝ፤ የልጄን ፊት ለማየት ፈራሁ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ቆየች።

"ዝገት ነው" አለች። "የአባባም ባቡር ዝጓል።"

እትዬ ሳቁ፣ ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። እኔ ስለራሴ አልናገርም።

ስለ ድግሱ ብዙ አላወራም፤ የልጆች ልደት ሁሉ አንድ ነው፤ ጩኸት ነው። አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ዳቦ ቆረሳው ላይ ልጄ አይቆረጥም ብላ ድርቅ አለች። አባቴ መረቀና ቢላውን ይዞ አጠገቧ ቁጭ አለ። "እንዲህ እናድርግ" አላት። "ባቡር ጣቢያ ሲደርስ ምን ያደርጋል? ፉርጎ ይፈታል። ከኋላ እንጀምራ።" መጨረሻ ላይ ያለውን ፉርጎ ከነግመሉ ፈታ። ልጄ ለየጓደኛዋ ፉርጎ አከፋፈለች። ድፎው በዘይት ስለተሠራ የሚጾመውም፣ ሙስሊሙም ጎረቤት፣ እንቁላል የማይስማማው ልጅም ከዚያችው ትሪ ላይ በልቷል፤ "ይሄ ምን አለበት?" ያለ ሰው አልነበረም። ራስ ባቡሩ ፍሪጅ ላይ ሦስት ቀን ቆመ። በአራተኛው ቀን በሻይ በላነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ትንሽ ተለውጧል። ቅዳሜ ከሰዓት የሰፈሩ ልጆች እትዬ በረንዳ ላይ ናቸው። የተረፈ ሊጥ ይሰጧቸዋል፤ እነሱ ጅብ፣ ባጃጅ፣ የማይታወቅ አውሬ ይሠሩበታል። ትምህርት አይደለም፣ ክፍያም የለውም። ልጄ አሁን ወጥ ቤት ገብታ አስተያየት ትሰጣለች። በቀደም በያይነቱ ሳቀርብ ቀይ ሥሩን ከቆስጣው አጠገብ አስቀምጪው አለችኝ። ለሆድ ምንም ለውጥ የለውም። ለዓይን ግን ልክ ነበረች።

ለእንቁጣጣሽም ካሁኑ እየሣለች ነው። እኛ ልጅ ሆነን አደይ አበባና መልአክ ሥለን በየቤቱ እናድል አልነበር? አሁን ብዙ ልጆች የታተመ ገዝተው ነው የሚያዞሩት። እትዬ የታተመውን አይቀበሉም። በእጁ የሣለ ልጅ ግን የቱንም ያህል ቢያስጠላ (አስጠሊታ ናቸው፣ አንዳንዶቹ) ከሳንቲሙ ጋር ትኩስ ዳቦ ይቆረስለታል።

እንግዲህ ማዘዝ ለምትፈልጉ። ቢያንስ ከአራት ቀን በፊት ሂዱ። ዋጋውን ፊት ለፊት ይነግሯችኋል፤ በኋላ አይጨምሩም፤ እኔንም አልጨመሩብኝም። የማይችሉትን አልችልም ይላሉ፤ ክሬም ያለው ነገር አይሠሩም። ስልክ ቶሎ አያነሱም፤ እጃቸው ሊጥ ውስጥ ነውና አትቀየሟቸው። ቤት ድረስ አያመጡም፤ ስትወስዱ በነጠላ ጠቅልሉት እንጂ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ ያልበዋል። ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19 ሰሞን አትድከሙ፤ ቁልቢ ናቸው።

ስልካችሁ ላይ ያለ የካርቱን ፎቶ ይዛችሁ ብትሄዱ ይመልሷችኋል። ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀት እሳቸው ጋር አለ።

እትዬ፣ ይህን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። ይመችዎ፣ አቦ። ስምዎን አላወጣሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ።

እና አንድ ነገር፣ ቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፦ ስዕሉን አይመልሱም። እኔ ሁለት ጊዜ ጠይቄ እንቢ ብለውኛል። የልጄ ባቡር አሁን ከምጣዳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ከሌሎቹ ጋር ተለጥፏል፤ ጥጉ ላይ 5፣ 3፣ 4፣ 3 የሚል አለበት።