ግድግዳ ውስጥ የገባው ሳብዉፈር፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ጅማ ያደገ ሰው ነጎድጓድ ያውቃል። ክረምት ላይ ከጂሬን በኩል እየተንከባለለ ሲመጣ መጀመሪያ መስኮቱ ይርገበገባል፣ ከዚያ ደረት ውስጥ ይገባል። ትንሿን ክፍል የቤት ሲኒማ ሳደርጋት የፈለግኩት ይህንኑ ስሜት ነበር። ባለ 10 ኢንች ሁለት ሳብዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን፣ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር)፣ ግድግዳ ውስጥ የሚቀበሩትን ዓይነት፣ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ጥቅምት ላይ ተገጠሙ። የመጀመሪያውን ፊልም ስንከፍት እናቴ ትንሽ አዳመጠችና «ልጄ፣ መብረቁስ አለ፤ ነጎድጓዱ የታለ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ቤዙ አልነበረም።

አሁን ሐምሌ ላይ ነን። ዕቃው ያው ነው፣ አምፕሊፋየሩም ያው ነው፣ ቤዙ ግን መጥቷል። እንዴት እንደመጣ ልጻፍላችሁ። ምክንያቱም ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ዕቃውን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል።

መጀመሪያ ስለ ክፍሉ። ርዝመቷ 5.2 ሜትር፣ ወርዷ 3.9 ሜትር ነው። ልጆች ስላሉ ወለል ላይ ትልቅ ሳጥን ማስቀመጥ አልፈለግንም። ስለዚህ ከፊት ካለው የብሎኬት ግድግዳ ፊት ለፊት በሞራሌ ፍሬም አስመታሁ፣ በጂፕሰም ቦርድ ተሸፈነ፣ ሳብዉፈሮቹ እዚያ ገቡ። የራሳቸው አምፕ የላቸውም። ሁለቱም በአንድ የውጭ አምፕ ይነዳሉ፣ አምፑ ደግሞ ከሪሲቨሩ ምልክት ይቀበላል። ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፣ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን ኤቪ ሪሲቨር ነው።

የገዛሁበት ሱቅ ደወልኩ። «አምፕህ አንሷል፣ ትልቅ ግዛ» አሉኝ። ልገዛም ነበር። ሒሳቡን ሳየው ተውኩት። የአምፕ ዋት በእጥፍ ሲጨምር የሚገኘው 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው። ድምፁ ለጆሮ እጥፍ መስሎ እንዲሰማ ወደ 10 ዴሲቤል ያስፈልጋል፣ እሱም አሥር እጥፍ ዋት ማለት ነው። የኔ ችግር ደግሞ «ትንሽ አነሰ» የሚባል ዓይነት አልነበረም። ጭራሽ የለም ነበር። እንዲህ ሲሆን ቤዙ የሆነ ቦታ እየጠፋ ነው ማለት ነው።

መጀመሪያ ያገኘሁት ጥፋት በጣም ቀላሉ ነበር። የፊት ወንፊቶቹን አወጣሁ። የሁለቱንም ሽቦ ከአምፑ ነቀልኩ። የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ አንዱን አንስቼ ፖዘቲቩን በቀዩ ሽቦ፣ ኔጌቲቩን በጥቁሩ ነካ አደረግኩ። የግራው ፊቱ ወደ እኔ ብቅ አለ። የቀኙን እንደዚያው ነካሁ። ወደ ውስጥ ገባ። ደገምኩት፣ አሁንም ወደ ውስጥ። አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስብ ነበር ማለት ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ (ኸርዝ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል) አንድ ሞገድ ርዝመቱ 8.5 ሜትር ገደማ ነው። ሁለቱ ሳብዉፈሮች ደግሞ በ2 ሜትር ነው የሚራራቁት። በዚህ ርቀት ተቃራኒ ሲመቱ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። ሽቦ የዘረጋው ልጅ ከግድግዳው ውስጥ ቀይና ጥቁሩን አዛውሮ አስሮት ኖሯል። ከአምፑ በኩል አገላበጥኩት፣ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ያን ቀን ማታ ከበሮ ያለበት መዝሙር ከፈትኩ። ከበሮን በቅርብ ሆኖ የሰማ ሰው እጁ ቆዳው ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያንን ሰማሁት።

ሆኖም ነጎድጓድ አልሆነም። ወፍራም ነው፣ ግን ልፍስፍስ ነው። ጂፕሰሙም አብሮ ይጮሃል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ጊዜ የፈጀብኝ። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው አየር ይስባል። የኋላው ድምፅ ተዘግቶ ካልቀረ ከፊተኛው ጋር ተገናኝቶ ይበላዋል። የኔ ፍሬም ከላይ ክፍት ነበር፣ ቀጥታ ወደ ኮርኒሱ። ግማሹ ቤዝ ጣራ ሥር እየተንሸራሸረ ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንድ አናጺ መጡ። እጃቸውን በሳብዉፈሩ ቀዳዳ አስገብተው ወደ ላይ ዳሰሱና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ሳጥን አይደለም፣ ጭስ መውጫ ነው» አሉኝ። ጂፕሰሙን ከፍተን ለእያንዳንዱ ሳብዉፈር ከኋላው ሙሉ ሳጥን ሠሩለት። ግድግዳው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ መጋጠሚያው ሁሉ በሙጫና በሲሊኮን የታሸገ። ውስጡን በትራስ መሙያ ሞላነው፣ ሳንጠቀጥቅ፣ ለስለስ አድርገን። ጂፕሰሙን በድርብ መለስነው፣ ብሎኖቹንም አበዛናቸው። ከኋላ ደግሞ በዋንዛ ቁራጭ ደገፉት። ጅማ ላይ ዋንዛ የሚያውቅ አናጺ ማግኘት አያስቸግርም። እኚህ ሰው ደግሞ ለሥራቸው የሚጠነቀቁ ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ከወጪዬ ሁሉ የተመለሰልኝ ይሄ ነው። ቤዙ ጠበቀ። ሲጀምር ይጀምራል፣ ሲያቆም ያቆማል።

ሴቲንጉ ላይ ብዙ አልቆይም። በሪሲቨሩ ሌሎቹን ስፒከሮች «ስሞል» አድርጉ፣ ክሮስኦቨሩን (ቤዙ ከሌላው ድምፅ ተለይቶ ወደ ሳብዉፈሩ የሚሄድበትን ወሰን) 80 ኸርዝ ላይ። አምፑ ላይ ያለውን የራሱን ማጣሪያ ደግሞ እስከ መጨረሻ ክፈቱት፣ ካልሆነ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጣራል። የኔ 60 ላይ ቆሞ ነበር።

ከዚያ የሶፋው ነገር መጣ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም ለማመን ተቸግሬ ነበር። ሶፋችን ልክ መሃል ላይ ነበር። ክፍል የራሱ ድምፅ አለው። 5.2 ሜትር ርዝመት ያለው ክፍል 33 ኸርዝ አካባቢ ያስተጋባል። ያ ድምፅ በሁለቱ ጫፍ ግድግዳዎች ላይ ይበረታል፣ መሃል ላይ ይሞታል። እኛ የምንቀመጠው የሚሞትበት ቦታ ላይ ነበር! አንድ ወጥ የ33 ኸርዝ ድምፅ ከፍቼ ክፍሉ ውስጥ በቀስታ ተራመድኩ። መሃል ላይ ዝም ይላል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ስሄድ ልብሴን ይነካኝ ጀመር። ሶፋውን ከኋላው ግድግዳ 1.7 ሜትር ላይ አደረግነው። ባለቤቴ መጀመሪያ ክፍሉ ጠበበ ብላ ነበር፣ ቁጭ ብላ ስትሰማው ተወችው። እንዲህ ያለውን ድምፅ የሚሞትበት ጉድጓድ በኢኩዋላይዘር (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ለመሙላት አትሞክሩ። 6 ዴሲቤል ስትጨምሩ አምፑ አራት እጥፍ ይለፋል፣ ጉድጓዱ ግን አይሞላም።

ክረምቱ ሲገባ ሌላ ነገር ተሰማ። አንድ ዝዝዝ የሚል ድምፅ፣ ወፈር ያለ ቤዝ ሲመጣ ብቻ። ሳብዉፈሩ የተቀደደ መስሎኝ ደንግጬ ነበር። ኮርኒሱ ላይ ወጥቼ እጄን ሳሳርፍ የላላ የቆርቆሮ ምስማር ሆኖ ተገኘ። በዚሁ አጋጣሚ ሳጥኖቹንም አየኋቸው፣ እርጥበት አልገባባቸውም።

የማይወደድ ነገር የለውም አልልም። ከ30 ኸርዝ በታች ይህ ዕቃ አቅም የለውም። ሳጥኑ ስስ ነው፣ ፊቱም ብዙ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። በዚያው ዋጋ ወለል ላይ የሚቀመጥ ባለ 12 ኢንች ከዚህ ይበልጣል። ቦታ ካላችሁ እሱን ግዙ። መብራት ሲመላለስ ደግሞ አምፑ ጧ የሚል ድምፅ ወደ ስፒከሮቹ ይልካል። ስለዚህ በስታብላይዘር ነው የማስኬደው፣ መብራት ሲጠፋም ማብሪያውን እዘጋዋለሁ። ሁለቱ ሳብዉፈሮች እያንዳንዳቸው 8 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) ናቸው፣ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 4 ኦም ይሆናሉ። አምፓችሁ 4 ኦም የሚችል መሆኑን ሳታዩ አትሰሩት።

ቦታ ለሌለው ሰው ግን ይሄን ዕቃ እመክራለሁ፣ ከኋላው ሳጥን የሚሠራለት ከሆነ ብቻ። ጂፕሰማችሁ ገና ካልተዘጋ አሁኑኑ ሳጥኑን አሠሩ፣ ሽቦውን በድንጋይ ፈትኑ። ከመዘጋቱ በፊትም ሜትር አስይዛችሁ ሞራሌዎቹንና የሽቦውን መንገድ ፎቶ አንሱ። እኔ አላነሳሁም፣ ሳጥኑ ሲሠራ የቀኙን ሽቦ ለማግኘት ጂፕሰሙን ሁለት ቦታ መቅደድ ነበረብን።