በሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ አገልግሎት፦ በስልክ፣ በቪዲዮ እና በአካል

እናቴ በዋሽንግተን ዲሲ አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ለሐሞት ጠጠር በታከመችባቸው ሦስት ወራት ውስጥ የሆስፒታሉን የአማርኛ አስተርጓሚ አገልግሎት በሦስት መልኩ አይቻለሁ፤ በስልክ፣ በታብሌት በሚታይ ቪዲዮ፣ በመጨረሻም አስተርጓሚው ራሱ ክፍሉ ውስጥ ተገኝቶ። ሦስቱም ለታካሚው በነፃ ይሰጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ሰፊ ነው። ወላጆቻችንን ወደ ሐኪም የምናመላልስ ብዙዎች ስለሆንን ያየሁትን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

በመጀመሪያው ቀን እናቴ ድንገተኛ ክፍል ስትገባ እኔ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረችው በስልክ አስተርጓሚ ነው። ስልኩ በፍጥነት ተገኝቷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። ችግሩ የመጣው እናቴ ከቀኝ ጎድን አጥንቷ ሥር በእጇ ይዛ «ኩላሊቴን ወጋኝ» ስትል ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው ኩላሊቴን አመመኝ ሲል ጎኑን ወይም ወገቡን ማለቱ እንጂ የትኛው የውስጥ አካል እንደታመመ መናገሩ አይደለም። አስተርጓሚው እጇ የት እንዳረፈ ማየት አይችልም፤ ቢጠይቅ ግን ይደርስበት ነበር። ሳይጠይቅ ቃሉን እንዳለ ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ሐኪሙም የሽንት ምርመራ አዘዘ፣ የተከተሉት ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ኩላሊት ሆኑ፣ እናቴም የሕመም ማስታገሻ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰች። በዚያ ላይ ሐኪሙ በትሕትና የጠየቃትን ሁሉ አስተርጓሚው «አንቺ» እያለ ስላቀረበው፣ በሰባዎቹ ዕድሜ ላይ የምትገኝ ሴት የተናቀች መስሏት መልሶቿን አሳጥራ ነበር። እንግሊዝኛው አንቺንና እርስዎን አይለይም፤ አስተርጓሚው ግን የመለየት ግዴታ አለበት፣ ምክንያቱም ቅር የተሰኘ ታካሚ ሕመሙን በሙሉ አይናገርም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ መደበኛ ሐኪሟ ስንሄድ አስተርጓሚዋ የቀረበችልን በቪዲዮ ነበር። ከሁሉ አስቀድማ ራሷን አስተዋወቀች፤ ቀጥላም «እማማ፣ የምናገረው ሐኪሟ የሚሉትን ነው፤ "እኔ" ስል ሐኪሟን ማለቴ ነው፤ እርስዎ የሚሉትንም ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራቸዋለሁ፤ እዚህ የሰማሁት ከዚህ አይወጣም» አለቻት። ይህ አጭር ማብራሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ እናቴ ወዲያው ስትዝናና በማየቴ ነው። እናቴ እንደገና «ኩላሊቴን» ስትል አስተርጓሚዋ ከሐኪሟ ፈቃድ ጠይቃ፣ ይህ ቃል በአማርኛ ጎንን ወይም ወገብን ሊያመለክት እንደሚችል አስረዳችና ታካሚዋ የሕመሙን ቦታ በእጇ እንድታሳይ ይጠየቅ አለች። እናቴ አሳየች። ሐኪሟ ሕመሙ ቅባት ያለው ምግብ ከተበላ በኋላ ይብስ እንደሆነ ስትጠይቃት፣ በበዓል ዶሮ ወጥ ከበላች በኋላ ሌሊቱን እንዳልተኛች ነገረቻት፤ አልትራሳውንዱም በሐሞት ከረጢቷ ውስጥ ጠጠር እንዳለ አሳየ። ምስሉ ሁለት ጊዜ ቢቋረጥም፣ ታብሌቱም እናቴ አልጋው ላይ ስትጋደም ፊቷን በደንብ ባያሳይም፣ ለዚህ አገልግሎት ያለኝ አክብሮት ከፍተኛ ነው። የጥሩ አስተርጓሚ ምልክቱ በፍጥነት መተርጎሙ ሳይሆን፣ አንድ ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው ቆም ብሎ መጠየቁ ነው።

ለቀዶ ሕክምናው ዝግጅት አስተርጓሚው በአካል መጣ። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። ነርሷ እናቴ ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጾም እንዳለባት ስትናገር፣ አስተርጓሚው «ጾመው ይምጡ» ብሎ አላለፈም፤ እንዲያ ቢል ኖሮ እናቴ ሥጋና ወተት የተከለከለች መስሏት ሽሮዋን በልታ ልትመጣ ትችል ነበር። «ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ምግብም ሆነ ውሃ በአፍዎ እንዳይገባ» አለ፤ ከዚያም ለነርሷ አሳውቆ፣ ብዙ ምእመናን ጠዋት በባዶ ሆድ ጠበል እንደሚጠጡ ገለጸና ይህም መጠየቅ እንዳለበት አመለከተ። እናቴ በእርግጥ ጠበሏን በጠርሙስ አዘጋጅታ ነበር። ነርሷ በአክብሮት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንድታደርገው ነገረቻት፤ ነገሩም ያለ ክርክር አለቀ።

የስምምነት ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለነበር አስተርጓሚው እያንዳንዱን አንቀጽ በቃሉ ወደ አማርኛ እየመለሰ አሰማት። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት መናገር አለብኝ። በሁለቱ ቀጠሮዎች መካከል ሐኪሟ ስልክ ደውላ ስታነጋግረን እኔው አስተርጉሜ ነበር፤ ጠጠሩ ካልወጣ ቆሽት ሊቆጣ እንደሚችል የተናገረችውን፣ እናቴ እንዳትደነግጥ ብዬ ዘልዬዋለሁ። አስተርጓሚው ይህንኑ ጨምሮ ሁሉንም ነገራት። አልደነገጠችም፤ ሦስት ጥያቄዎች ጠየቀች፣ መልሶቹን ሰማች፣ ከዚያም ፈረመች። ውሳኔው የእሷ እንደነበር ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ይዤ ልጅ ብቻ ለመሆን ቻልኩ።

ሕጉም በዚህ በኩል ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የአሜሪካ የሲቪል መብቶች ሕግ 6ኛ ክፍል እና እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የጤና መድን ማሻሻያ ሕግ አንቀጽ 1557 የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ በበቂ ለማይናገር ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ እንዲያቀርቡ ያስገድዳሉ፤ ታካሚው አስተርጓሚ ይዞ እንዲመጣ ማስገደድ አይፈቀድም፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ማስተርጎምም የተከለከለ ነው። ሙያው በአብዛኛው ቢያንስ 40 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ብሔራዊ የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ተቋማትም አሉ። ሆኖም እንደ ስፓኒሽ ላሉ ቋንቋዎች በራሳቸው በቋንቋዎቹ የሚሰጥ የቃል ፈተና ሲኖር፣ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚፈተነው ስለ ሙያው ሥነ ምግባርና አሠራር በእንግሊዝኛ ነው። በዚህ ምክንያት የአማርኛው ጥራት ከአንዱ አስተርጓሚ ወደ ሌላው በእጅጉ ይለያያል፤ እኛም በሦስት ወር ውስጥ ያየነው ይህንኑ ነው።

ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቀቀ። ከሆስፒታል የወጣነው ግን አመሻሽ ላይ ስለነበር የአካል አስተርጓሚ አልነበረም፤ እንደገና ስልክ ተደወለ። መድኃኒቱ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ በ8 ሰዓት እንደሚወሰድ ተነገራት። አስተርጓሚዋ የአሜሪካውን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ሳትመልስ «8 ሰዓት» ብላ አለፈች፤ እናቴም ከቀኑ 8 ሰዓት ልትውጠው ተዘጋጅታ ነበር። ቆሜ ባልሰማ ኖሮ የመጀመሪያው መድኃኒት ስድስት ሰዓት ይዘገይ ነበር። ስለ ቋንቋችን ሰዓት አቆጣጠር ለአስተርጓሚዎች ማስተማር ከባድ ሥራ አይደለም፤ ይህን ለሆስፒታሉ የታካሚዎች ቅሬታ ክፍል በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ከአምስት ብሰጥ ለአካል አገልግሎቱ አምስት፣ ለቪዲዮው አራት፣ ለስልኩ ሁለት እሰጣለሁ። ስልኩ ለቀጠሮ ማስያዣ ይበቃል፤ ለሕመም ምርመራ፣ ለስምምነት ቅጽ እና ለመድኃኒት አወሳሰድ ግን አልመክረውም። አገልግሎቱን የምትፈልጉ ቀጠሮውን በምታስይዙበት ሰዓት «በአካል የሚገኝ የአማርኛ አስተርጓሚ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄው መዝገቡ ላይ መስፈሩንም አረጋግጡ። ታካሚው ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚቀለው ከሆነ ያንኑ መናገር ያስፈልጋል፤ ከእናቴ ጎን ባለው አልጋ ላይ የነበሩ አንድ አባት ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ብቻ የአማርኛ አስተርጓሚ ቀርቦላቸው በግማሽ ልብ ሲመልሱ አይቻለሁ። የእናቴ የክትትል ቀጠሮ በሚቀጥለው ወር ነው፤ አስተርጓሚው በአካል እንዲገኝ ጠይቄ ሆስፒታሉ አረጋግጦልኛል።