ለአይጥ ምን ልግዛ? ወጥመድ፣ መርዝ፣ ማጣበቂያና ሌሎችም በዋጋ ሲመዘኑ

ጤፉና ስንዴው ታጭዶ ማሳው በሚራቆትበት ወቅት፣ ማለትም ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ፣ በሰበታና በገላን በኩል ቤት ሠርተው የገቡ ወዳጆቼ በየዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ «ለአይጥ ምን ብገዛ ይሻለኛል?» ለእያንዳንዱ በስልክ ከማብራራት አንድ ጊዜ መጻፉ ስለሚቀል ይህን ንጽጽር አዘጋጅቻለሁ። ምርጫዬን ከወዲሁ ለመግለጽ፣ ገንዘብ ቢወጣበት የማይቆጨው ጠንካራ ስፕሪንግ ያለው ተራው ወጥመድ ነው፤ ከእርሱም ጋር ቀዳዳ የሚደፈንበት ጥቂት ሲሚንቶና የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ያስፈልጋል። የምጠቅሳቸው ዋጋዎች በሰፈራችን ሱቆችና በመርካቶ የተነገሩኝ ሲሆኑ፣ ገበያው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ አንባቢ ቁጥሩን ከመያዝ ይልቅ አንዱ ከሌላው ያለውን ልዩነት ቢያስተውል ይጠቀማል።

ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛት በፊት ቤት ውስጥ የገባው የትኛው እንደሆነ መለየት ይገባል፤ ይህም ኩሱን በማየት ይታወቃል። የትንሿ የቤት አይጥ ኩስ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚረዝምና ጫፉ የሾለ ሲሆን፣ የትልቁ አይጥ ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ልዩነቱ ገንዘብ ነክ ነው፤ ለትንሿ የተሠራ ወጥመድ ትልቁን አይገድለውም፣ ይልቁንም ወጥመዱን ይዞት ይጠፋል። ጠባያቸውም አይመሳሰልም። ትንሿ አዲስ ነገር ስታይ ቀርባ የምትመረምር በመሆኗ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ሌሊት ትያዛለች፤ ትልቁ ግን ትናንት ያልነበረን ዕቃ ለቀናት ይሸሻል። ሰዎች «ወጥመድ አይሠራም» ብለው ወደ መርዝ የሚዞሩት በአብዛኛው ይህን ባለመጠበቅ ነው።

ስለ መርዝ ስንነጋገር፣ ዋጋው ርካሽ መሆኑን አልክድም። በማይክራፎን እየተጣራ የሚያዞረው ሻጭ አንዷን ፓኬት በ30 ብር ይሰጣል፤ በዚህ ዋጋ የሚወዳደረው ዕቃ የለም። ይሁን እንጂ የመርዝ ዋጋ የሚከፈለው በኋላ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ባለ ቀለም ጥፍጥፎችና እህሎች አይጡን የሚገድሉት ከበላ ከሦስት ቀን እስከ አንድ ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ እንስሳው የሚሞትበትን ቦታ የሚመርጠው ራሱ ነው፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ከኮርኒስ በላይ ይሆናል። አንድ ጎረቤቴ በሞተው አይጥ ሽታ ምክንያት የሳሎኑን ኮርኒስ አስነቅሎ እንደገና ሲያስመታ ለአናጺ የከፈለው ገንዘብ ለመላው መንደር ወጥመድ ይገዛ ነበር። ጥቁር ግራጫ ዱቄት የሆነው ዚንክ ፎስፋይድ ደግሞ ፈጥኖ ይገድላል፤ ነገር ግን ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ የሚያወጣ በመሆኑና ለዚህ ጋዝ ማርከሻ ስለሌለው፣ ዳዴ የሚል ሕፃን፣ የሚጭሩ ዶሮዎች ወይም ውሻ ባለበት ግቢ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር አይደለም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል፤ የተመረዘች አይጥ የበላች የጎረቤት ድመት ስትሞት አይቻለሁ፣ ጠቡም እስከ ዕድር ደርሷል።

በዚህ ላይ የአስመሳዩ ብዛት አለ። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ማንኛውም ፀረ ተባይ ተመዝግቦና ገላጭ ጽሑፍ ተለጥፎበት እንዲሸጥ ያዛል፤ በመንገድ ዳር የምናገኘው ግን በላስቲክ የተቋጠረ፣ ስሙም መጠኑም የማይታወቅ ዱቄት ነው። ቀለም የተቀባ ተራ ስንዴ መሆኑን ወይም ከሚገባው በላይ የበረታ መርዝ መሆኑን ገዢው የሚያውቅበት መንገድ የለም፤ አንድ ሰው ተመርዞ ሐኪም ቤት ቢወሰድም ሐኪሙ ለሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ መልስ አይገኝም። ከሁሉ የከፋው ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን በአይጥ ጉድጓድ ውስጥ መጨመር ነው። ይህ ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ሲሆን እርጥበት ሲያገኝ ያንኑ ፎስፊን ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙም በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ሰው ወደተኛበት ክፍል ይገባል። ዋጋው ነፃ ቢሆን እንኳ ወደ መኖሪያ ቤት መግባት የለበትም።

ማጣበቂያው፣ ያ እንደ ደብተር የሚከፈተው ሰሌዳ፣ አንዱ 120 ብር ያህል ነው። ሒሳቡን እንሥራ፦ አንድ ሰሌዳ አንዴ ከያዘ ይጣላል፤ ምንም ባይዝ እንኳ የእኛ ዓይነት አቧራማ ሰፈር ውስጥ ጥቂት ቀናት ክፍት ከዋለ አቧራው ሸፍኖት መለጠፉን ያቆማል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ደግሞ ማጣበቂያው ይደርቃል። ትልቁ አይጥ ጥቂት ፀጉር ጥሎ ይሄዳል። ትንሿ ከተያዘችም አትሞትም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትጮህና ስትሸና ታድራለች፣ ጠዋት የሚገድላት ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር ከእ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሰው ይህን ሰሌዳ ለአይጥ መጠቀሙ በሕግ የተከለከለው በዚሁ ጭካኔው ምክንያት ነው። ጫጩት ወይም ድመት ከተጣበቀ በምግብ ዘይት በቀስታ እያሹ ማላቀቅ ይቻላል፤ ዘይት በዛሬ ዋጋው ስንት እንደሆነ ግን አንባቢ ያውቃል።

ሶኬት ላይ የሚሰካውና «ሰው በማይሰማው ድምፅ አይጥ ያባርራል» የሚባለው መሣሪያ ከ800 እስከ 1,500 ብር ይጠየቅበታል። በዚህ ላይ ብዙ መጻፍ አያስፈልግም። ድምፁ ግድግዳ አያልፍም፣ ቁም ሣጥንና ሶፋ ይጋርዱታል፣ አይጧም በጥቂት ጊዜ ትለምደዋለች። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2001 ከ60 ለሚበልጡ የእነዚህ መሣሪያዎች አምራቾችና ሻጮች፣ የሚያስተዋውቁትን በሳይንስ ማስረጃ እንዲደግፉ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ልኳል። እዚህ የሚመጣው ደግሞ የዚያ ቅጂ ቅጂ ነው፤ አንዱን ከፍቼ ሳየው ከአንዲት የምታበራ መብራት በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አልነበረበትም። መብራት በጠፋ ቁጥር ያቺም ትጠፋለች።

ድመት ጥሩ ናት፤ በተለይ እናቷ ማደን ያስተማረቻት ከሆነች ትንንሾቹን ታጸዳለች። ነገር ግን ትልቁን አይጥ የምትደፍር ድመት ጥቂት ናት፣ የወር ቀለቧም ከማንኛውም ወጥመድ ይበልጣል። ድመት ከወደዱ ያሳድጉ፤ ለአይጥ ብቻ ብለው ግን አይጀምሩት።

በሽቦ የተሠራው ሣጥን ወጥመድ ከእኔ ምርጫ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ደግሞ ሊቀድም ይችላል። ዋጋው ከ600 እስከ 900 ብር ሲሆን መርካቶ ምናለሽ ተራ አካባቢ ብረት የሚሠሩ ሰዎች ከቁርጥራጭ የሚሠሩትን ከውጭ ከሚመጣው አብረቅራቂ ዕቃ አስበልጠዋለሁ። የመጣው ሽቦው ቀጭን ነው፣ ትልቅ አይጥ በጥርሱ ያጣምመዋል፤ በሩን የሚይዘው ቁልፍ ደግሞ በሁለተኛው ሳምንት ይወልቃል። የምናለሽ ተራው ሲበላሽ ሰፈር ውስጥ ያለ ብየዳ ቤት በ50 ብር ይመልሰዋል። ጉድለቱ የተያዘው አይጥ በሕይወት መኖሩ ነው፤ ወስዶ ሜዳ ላይ መልቀቅ ደግሞ ለሌላ ጎረቤት ማስተላለፍ ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ። ተራው ወጥመድ ትንሹ 150፣ ትልቁ 300 ብር አካባቢ ነው። አራት ትንንሾች 600 ብር ይሆናሉ፤ በዚህ ገንዘብ አምስት የማጣበቂያ ሰሌዳ ይገዛል፣ አምስቱም ካለቁ በኋላ እጅ ላይ የሚቀር ነገር የለም፤ ወጥመዱ ግን በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ያገለግላል። አንድ ብቻ መግዛት ቁጠባ አይደለም። የቤት አይጥ እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፣ በአንድ ጊዜም ከአምስት እስከ ስምንት ትወልዳለች፤ በየሳምንቱ አንድ የሚይዝ ወጥመድ ከውልደቱ ጋር አይደርስም። ስለዚህ በአንድ ሌሊት ብዙ ወጥመድ መዘርጋትና በአጭር ጊዜ መጨረስ ነው የሚያዋጣው።

ችግሩ ገበያው በአስመሳይ ወጥመድ መሞላቱ ነው። በመልክ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም፤ ሁለቱም ያብረቀርቃሉ። ርካሹ ስፕሪንግ ከቀጭን ሽቦ የተጠቀለለ በመሆኑ ተዘርግቶ ጥቂት ካደረ ኃይሉ ይሞታል፤ አይጧን ይነካታል እንጂ አይሰብራትም። የእንጨት መደብ ያለው ከሆነ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ይጎብጣል፣ ሚስማሮቹም ይላላሉ፤ እኔ ሙሉ ብረቱን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሱቅ ውስጥ ሳሉ ወጥመዱን ዘርግቶ ምግብ የሚቀመጥበትን ምላስ በስንጥር መንካት ያስፈልጋል፤ በጣት ፈጽሞ አይነካም። በቀላል ንክኪ ካልፈነዳ ምላሱ ይነክሳል ማለት ነው፤ ሲፈነዳም ስንጥሩን ካልሰበረው ስፕሪንጉ ደካማ ነው። «ይህ ለመሞከር አይሆንም» የሚል ነጋዴ ካጋጠመ ከሱቁ መውጣት ነው። ሦስት ጊዜ ዘርግተው ሦስቱንም ከሠራ 50 ብር ጨምረውም ቢሆን ይግዙት።

ጥገናው ቀላል ነው። መያዣው ዘንግ ከምላሱ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ከተንሸራተተ በፒንሳ ትንሽ ማጠፍ፣ ከነከሰ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ይበቃል፤ የዛገውን አንድ ጠብታ የምግብ ዘይት ይመልሰዋል። ለማጥመጃ በብልቃጥ የሚሸጠውን የለውዝ ቅቤ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው፤ ከሱቅ በደረቴ የተገዛ የ10 ብር ቆሎ ለውዝ ወቅጦ የአንዲት አተር ፍሬ ያህል መቀባት ያንኑ ሥራ ይሠራል። ሥጋ ወይም ስብ የሚጠቀም ሰው በክር ማሰር አለበት፣ አለበለዚያ አይጧ ወጥመዱን ሳታፈነዳ ይዛው ትሄዳለች። አይጥ የምትሄደው ግድግዳ ተጠግታ ስለሆነ ወጥመዱ ምላሱ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ፣ በየሁለት ሦስት ሜትሩ ይቀመጣል። ለትልቁ አይጥ ግን መጀመሪያ ምግቡን ብቻ አድርጎ ሳይዘረጉ ለጥቂት ቀናት መተው፣ መብላት ሲለምድ መዘርጋት ነው። የሞተችውን በላስቲክ እጅ ሸፍኖ ማንሳት፣ ኩሱንም በደረቁ ሳይጠርጉ በውኃ በተበጠበጠ በረኪና አርሶ መጥረግ ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ቀዳዳው ካልተደፈነ በየዓመቱ የሚደገም ወጪ ነው። ትንሿ አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፍተት፣ ማለትም እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ትገባለች። በእኛ ሰፈር ቤቶች መግቢያዋ ይታወቃል፦ ከላሜራው በር ሥር፣ የውኃ ቧንቧና የመብራት ገመድ ግድግዳ በሚበሱበት፣ ክዳኑ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት። በኮዬ ፈጬና በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየሞች ደግሞ የፍሳሽ መስመሩ የሚወርድበት ክፍተትና ክዳን የሌለው የመታጠቢያ ቤት ፍሳሽ ይጨመርበታል። ለዚህ 700 ብር አውጥቶ በቆርቆሮ የሚሸጠውን ፎም መንፋት አይመከርም፤ አይጥ በአንድ ሌሊት ትበሳዋለች። የ30 ብር የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቆ በላዩ በሲሚንቶ መምረግ ይሻላል። ለዚህ ሙሉ ከረጢት ሲሚንቶ አያስፈልግም፣ በኪሎ የሚሸጡ ሱቆች አሉ፤ አንድ እጅ ሲሚንቶ ለሦስት እጅ አሸዋ ይበቃል። ለበሩ ሥር ከብየዳ ቤት የተረፈች የላሜራ ቁራጭ በብሎን ማሰር ጎማ ከመለጠፍ ይረክሳል፤ ጎማውን አይጥ ትበላዋለች። ቤቱ የጭቃ ከሆነ ግድግዳውን ከመሬት ግማሽ ሜትር ያህል በሲሚንቶ መለሰን ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሆኖም ከማዳበሪያ ወደ ክዳን ያለው በርሜል ያልተገለበጠ አንድ ኩንታል ጤፍ ከተበላሸ የሚደርሰው ኪሳራ ከዚያ ይበልጣል።

ለመግዛት የሚመረጠው ወር ጥቅምት ነው። አጨዳው ተጀምሮ ሰው ሁሉ አይጥ ማየት ሲጀምር በሰፈር ሱቆች 150 የነበረው ወጥመድ 200 ይባላል፣ የሚቀረውም ማንም መርጦ የተወው ደካማ ስፕሪንግ ያለው ነው።